በሣር መጋዘን የተቀዳው ዜማ

ስድስት እስር ድርቆሽ ሣር ቡራዩ ወዳለው ቤቴ ሳስገባ ጎረቤቶቼ ላም የገዛሁ መሰላቸው። አንዷማ «ወተቱን ለኔ ሳትይ ለሌላ ብትሸጪ ተቀያየምን» ብላኝ ገባች። ላም የለኝም። ያለኝ አንድ ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ላፕቶፕ ነው። ጓዳዬ ውስጥ መሣሪያዎቹን ለየብቻ እየቀዳሁ አንዱን ባንዱ ላይ ልደርብ ብዬ ስጀምር፣ ድምፁ ሁሉ በርሜል ውስጥ የተጫወትኩት እየመሰለ አስቸገረኝ። የሚያውቁ ሰዎች ብርድ ልብስ ስቀዪ፣ ምንጣፍ አንጥፊ አሉኝ። ሰቀልኩ፣ አነጠፍኩም። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የማውቀው አንድ መላ ነበርና ሱሉልታ ሄጄ ሣሩን አስጭኜ መጣሁ።

እስሮቹን በግድግዳው ሥር ደርድሬ በሩን ስዘጋው ሽታው መጣ። የድርቆሽ ሽታ የደረቀ ሣር ብቻ አይደለም። ማጭድ ያልማረው የመስክ አበባ አለበት፣ አብሮ የታሰረ የጥቅምት ፀሐይ አለበት፣ አፍንጫ የሚኮረኩር አቧራ አለበት። አንዴ አስነጠሰኝ። ሁለተኛው ማስነጠስ እስኪመጣ ድረስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዋሽንት በእጄ ይዤ፣ የኦቦ ቱፋ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

እናቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበረች። እኔና እሷ ከጎጃም መጥተን ሱሉልታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግቢው የኦቦ ቱፋና የባለቤታቸው የአዴ ሹሬ ነው። ኦቦ ቱፋ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። አዴ ሹሬ አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው፤ የግቢው ቁልፍ ሁሉ መቀነታቸው ላይ ስለሚንጠለጠል ከመምጣታቸው በፊት መምጣታቸው ይሰማል። ኑሯቸው ላምና ሣር ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የታጨደው ሣር ይታሰርና ጓሮ ባለው ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን እስከ ጣሪያው ይደረደራል፤ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ላም ለሚያረቡ ሰዎች ይሸጣል። የሣሩ አዛዥ አዴ ሹሬ ናቸው። ኦቦ ቱፋ የሚያዙት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክራራቸውን ብቻ ነበር።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ኦቦ ቱፋ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄደው ተመለሱ። ከሚኒባስ ወርደው ግቢ ሲገቡ እናቴ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ምን አሉዎት ኦቦ ቱፋ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል» አሉ። «ቀኙም ተነስቷል። ጫማውን እያሰረ ነው።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «መድኃኒት የለውም?»

«የለውም። ብዙም አይቆይም ነው ያለኝ።»

እኔ ይህን በራሴ መንገድ ተረዳሁት። በየሐሙሱ መኪና እየመጣ ከመጋዘኑ ሣር ይጭን ነበር፤ ሰኔ ላይ ጣሪያ የነካው ክምር በየሳምንቱ ይጎድላል። የኦቦ ቱፋም ጆሮ እንደዚያ መሰለኝ። ሰው ሲወለድ የሚሰማው ድምፅ ተደርድሮ ይሰጠዋል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር አንድ እስር ይወጣለታል፣ ዶሮ በጮኸ ቁጥር አንድ እስር ይወጣለታል፤ እሳቸው ዘንድ የቀረው እንግዲህ ጥቂት ነው። ልቆጥብላቸው ቆረጥኩ። የላሟ ቃጭል ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቅኩ። አውራ ዶሮውን ወደ ጎረቤት ግቢ አባረርኩት። እኔ ራሴ እሳቸውን የማናግረው በሹክሹክታ ብቻ ሆነ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል ጠዋት፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከንፈሬን አነቃንቃለሁ።

«ይቺ ልጅ ተቀይማኛለች» ይላሉ ዞር ብለው ለአዴ ሹሬ። «ምን አድርጌያት ይሆን?»

አንድ ማለዳ ቀኝ ጆሯቸውን ከክራሩ እንጨት ጋር አጣብቀው ሲመቱ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። በወጣትነታቸው የገበሬ ማኅበሩ ኪነት ውስጥ አራት ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ነገሩኝ። እሳቸው ክራር፣ ደምሴ የሚባል ጓደኛቸው ማሲንቆ፣ ገመቹ የሚባለው ደግሞ ዋሽንት። ከበሮውን ማን ይመታ እንደነበር በእጄ ምልክት ስጠይቃቸው «እሱን ተዪው» አሉ። ከአጨዳ ሲመለሱ የሚጫወቱት አንድ ዜማ ነበራቸው፣ አራቱ ሆነው የፈጠሩት። የትም አልተቀዳም። ደምሴ ሞቷል። ገመቹ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ወሬው ጠፍቷል።

«ክራሩን ብቻዬን ስመታው አንድ እግር የቀረው በርጩማ ነው» አሉ። «አይቆምም። ጆሮዬ ሳይሄድ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሙሉውን ብሰማው።»

መላውን የሰጠችን ላሟ ናት። ኦቦ ቱፋ ትልቅ ጥቁር ቴፕ ነበራቸው። ከሬዲዮ ዘፈን ሲወዱ ቴፑን ሬዲዮው ፊት ደቅነው ይቀዳሉ። አንድ ቀን እንደዚያ ቀድተው መልሰው ሲያዳምጡ፣ ዘፋኙ ልክ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የግቢያችን ላም «እምቧ» ብላ ገባች። እኔ አፌን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱና ሦስት ጊዜ ሰሙት።

«ዘፋኙ አዲስ አበባ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ላሟ እዚህ ናት። ካሴቱ ውስጥ ግን አጠገብ ላጠገብ ቆመዋል።» ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ላም ከገባች እኔም እገባለሁ።»

ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንዱ መሣሪያ ይቀዳል። ያ ካሴት ሲጫወት ሌላ መሣሪያ ከሱ ጋር እየተመታ፣ ሁለተኛ ቴፕ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀዳል። ከዚያ ያኛው ይጫወትና ሦስተኛ ይጨመርበታል። እንዲህ እያሉ አራት ማድረስ ነው። ለዚህ ሁለት ቴፕ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የእናቴ ትንሽ ቀይ ቴፕ ሆነ። «ውሰጂው» አለችኝ፣ «ግን እሑድ መዝሙሬን የምሰማበት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቦታው ላይ ላግኘው።»

በመጀመሪያ ቤታቸው ውስጥ ሞከርን። ዝናብ መጣና ቆርቆሮውን ሲወርድበት፣ ካሴቱ ላይ ዝናቡ ዋና ተጫዋች፣ ክራሩ አጃቢ ሆኖ ተገኘ። ውጭ ሞከርን፤ ነፋስ። ያኔ ነው እጃቸውን ይዤ ወደ መጋዘኑ የጎተትኳቸው። በእስሮቹ መሃል ሰው የሚያስገባ ቀጭን መተላለፊያ ነበር። እዚያ ተደብቄ ስጫወት እናቴ ከበሩ ላይ ብትጠራኝም አልሰማትም። ቤት ውስጥ ሲጨበጨብ ጭብጨባው ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል፤ እዚያ ግን የሄደ ድምፅ አይመለስም። ኦቦ ቱፋ ክራሩን አንድ ጊዜ መቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። የክራሩ ድምፅ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ ከጣታቸው ሥር ይወጣና ሣሩ ውስጥ ይሰጥማል።

አዴ ሹሬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ግቡ» አሉ። «ክብሪት፣ ኩራዝ፣ የመብራት ሽቦ ግን ከደጃፉ ወደ ውስጥ አያልፍም። ሐሙስ መኪናው ሲመጣ ደግሞ ግድግዳችን ተወሰደ ብላችሁ እንዳታለቅሱብኝ። ሣር ነው፣ ይሸጣል።»

ሽቦ ስለማይገባ ሁለቱም ቴፖች በባትሪ ድንጋይ ሊሠሩ ግድ ሆነ። ግድግዳችንም በየሐሙሱ የሚሸጥ ስለሆነ ጊዜ አልነበረንም። የሚያልቀው ሣሩም ጆሮውም ነበር። ቢያንስ እኔ የማስበው እንደዚያ ነው።

ዋሽንቱ ገመቹ ትቶት የሄደው ነው። ኦቦ ቱፋ በጨርቅ ጠቅልለው አኑረውታል፤ የፊት ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ግን ትንፋሻቸው ስለሚበተን መንፋት አይችሉም። ማሲንቆውን ደምሴ ሲጫወት እያዩ ስለለመዱት ይጫወታሉ። እንግዲህ ዋሽንት ለኔ ወደቀ። ሦስት ሳምንት ነፋሁ። መጀመሪያ የሚወጣው የማንቆርቆሪያ ድምፅ ነበር፤ ራሴን ያዞረኛል፣ እንባዬ ይመጣል፣ ጣቶቼ ቀዳዳውን አይሞሉም።

«አትጫኚው፣ ጣትሽን አስተኚው» ይሉኛል። «የተኛ ሕፃን እንደምትሸፍኚ።»

አዴ ሹሬ ላም ሥር ሆነው እያለቡ «ሴት ልጅ ዋሽንት ስትነፋ ዘንድሮ ገና ማየቴ ነው» ይላሉ።

«ምን አለች?» ይሉኛል ኦቦ ቱፋ።

እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። «ጎሽ አለችሽ» ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። በቀኝ ጆሯቸው በደንብ እንደሰሙ ያስታውቃል።

ልንቀዳ የተቀመጥን ቀን መጀመሪያ የተቀዳው ክራር ነበር። ሌላ ነገር አላሰብንም። ክራር የቡድኑ አለቃ ነው፣ ኦቦ ቱፋ ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው። ገበታ ላይ ትልቅ ሳይቆርስ እጅ አይሰደድም፤ በር ላይ «ይግቡ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይባላል። ለካሴት ሲሆን ለምን ይቀየራል? ክራሩ ጥርት ብሎ ተቀዳ። ከዚያ እኔ ዋሽንቱን አፌ ላይ አድርጌ ስገባ ሁለቱ ተናከሱ። ክራር ክሩ ይወጠራል፣ ይላላል። ማሲንቆም እንደዚሁ። ሸምበቆ ግን አንዴ ከተቆረጠና ከተበሳ በኋላ ምንም ቢለምኑት ድምፁን ከፍ ዝቅ አያደርግም።

ኦቦ ቱፋ ዋሽንቱን ከእጄ ወስደው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «ተሳስተናል» አሉ። «እዚህ ቤት የሚቀድመው ትልቁ አይደለም። የሚቀድመው የማይታጠፈው ነው። የምንታጠፈው እኛ ኋላ እንመጣለን።»

ስለዚህ ልጅቷ ቀደመች። በማግስቱ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣ በየማለዳው ሱሉልታ ላይ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች በአጥሩ ሥር ጠብ ጠብ ጠብ እያሉ ሲያልፉ ኦቦ ቱፋ ጣታቸውን አነሱ። አንድ ዓይነት እርምጃ፣ ብዙ እግር። «በነሱ አካሄድ» አሉኝ። ሩጫው ርቆ ሲጠፋ አራት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ካሴት ላይ ማንም ማንንም በዓይን ጠቅሶ ማስጀመር ስለማይችል፣ ኋላ የሚመጣው መሣሪያ የሚገባበትን የሚያውቀው በዚያ ጭብጨባ ነው። ዋሽንቱን ነፋሁ። አልተሳሳትኩም። ትልቁ ጥቁር ቴፕ እየተንጫጨ ቀዳኝ።

ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ስጦታ ልስጣቸው አሰብኩ። የቴፑ ድንጋዮች ደክመው ነበር። ክረምት ስለሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣትም አልተቻለም፤ አዴ ሹሬ ምድጃ ዳር እያስቀመጡ ነበር የሚያሞቋቸው። እናቴ መብራት ሲጠፋ የምታበራበት ረጅም የእጅ ባትሪ ነበራት፣ አራት አዳዲስ ድንጋይ ያለበት። አወጣኋቸውና ወደ ቴፑ አዛወርኳቸው፤ የደከሙትን ወደ እጅ ባትሪው ከተትኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ኦቦ ቱፋ ክራሩን በዋሽንቱ ልክ ቃኝተው ገቡ። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ዝቅተኛውን ድምፅ እያስነፉኝ፣ ጆሯቸውን ዋሽንቱ ጫፍ ላይ ደቅነው ነው ክር በክር ያስተካከሉት። ቴፑን ከፈትኩ። ጭብጨባው መጣ። ገቡ። አቆሙ። እንደገና። አቆሙ። ክሩን ነካ ነካ አደረጉ፣ ፊታቸው ተቀየረ።

«ማታ ልክ ነበር» አሉ። «ልክ ነው ብዬ ነው የተኛሁት።»

ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ክራሩን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት።

«በቃ። ጆሮዬ ነው» አሉ። «ድምፅ መስማት ሌላ ነው፣ ልኩን መስማት ሌላ ነው። ልኩ ሄዷል።»

ክራሩን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ሐሙስ መኪናው ሲመጣ ራሳቸው ወጥተው ሣር ጫኑ፤ ከዚያ በፊት ሲጭኑ አይቻቸው አላውቅም። አዴ ሹሬ የሚወጣውን እስር እየቆጠሩ በጎን ያዩዋቸው ነበር። «ተዪው» አሉኝ ወደ ኦቦ ቱፋ ስሄድ። «ሰው ሲዘጋ ይተዋል።»

እኔም የማደርገውን አጣሁ። ሁለት ቀን ዋሽንቱን ብቻዬን መጋዘኑ ውስጥ ነፋሁ። ያኔ መብራት ጠፋ። እናቴ የእጅ ባትሪዋን ስትጫን ከውስጡ የወጣው ብርሃን ቡናማ፣ የሚያንቀላፋ ነበር።

«ሰሞኑን የገዛሁት ድንጋይ ምን ነካው?» አለች። «መሞቻው ደርሷል።»

የደከመ ድንጋይ ብርሃኑን እንዲህ ካደከመው ቴፑንስ ምን ያደርገዋል? ዋሽንቱን የቀዳነው በደከመው ነው። የሰማነው ደግሞ በአዲሱ። ጠዋት እስኪሆን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ሲነጋ ቴፑን ከፍቼ ከራሴ ዋሽንት ጋር አብሬ ነፋሁ። ካሴቱ ውስጥ ያለችው እኔ ቸኩላ፣ ቀጥና፣ ከፍ ብላ ትነፋለች፤ ውጭ ያለችው እኔ ዝቅ ብላለች። ሸምበቆው ደግሞ አንድ ነው። አይታጠፍም። የታጠፈው ቴፑ ነው።

ኦቦ ቱፋን በረት አጠገብ አገኘኋቸው። በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። ደግሜ አንሾካሾክሁ። «ምን ሆነሻል?» አሉ። ስለዚህ ባርኔጣቸውን ገፋ አድርጌ ዋሽንቱን ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠግቼ ዝቅተኛውን ድምፅ ነፋሁ፤ ወዲያው ቴፑን እዚያው ጆሮ ላይ ደቅኜ ከፈትኩት። ደግሜ ዋሽንት። ደግሜ ቴፕ። ከዚያ የቴፑን ሆድ ከፍቼ አዲሶቹን ድንጋዮች አሳየኋቸው፤ ከእናቴ እጅ ባትሪ ያወጣኋቸውን አሮጌዎቹንም በሌላ እጄ።

ዓይናቸው ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ሄደ። «ጆሮዬ ልክ ነበር» አሉ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ልክ ነበር» አሉ እንደገና፣ ለላሟ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ድንጋዩን ማን ቀየረው?»

መሬት መሬት አየሁ።

«እሺ እሱስ ይሁን። ደግሞ ይሄን ሁሉ በእጅሽ ከምትነግሪኝ ለምን አፍ አውጥተሽ አትናገሪም? ክረምቱን ሙሉ ስታንሾካሹኪ ነው የማይሽ። ተቀይመሽኝ ነው?»

ጆሯቸው ላይ አፌን ለጥፌ ነገርኳቸው። እንዳያልቅ እየቆጠብኩልዎት ነው አልኳቸው። የቃጭሉንም ጨርቅ፣ የዶሮውንም ጉዳይ ተናዘዝኩ። ኦቦ ቱፋ ገንዳው ላይ ቁጭ አሉ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አልሳቁም።

«ልጄ» አሉ፣ «ጆሮ እንደ ሣር አይከመርም። ስላልሰማሁበት አይተርፈኝም። እንዲያውም ባዶውን ነው የሚሄድብኝ።» ከዚያ ሳቅ መጣባቸው። «ዶሮዬንም አንቺ ነሽ? ሹሬ ቀበሮ ነው ብላ ጎረቤት ሁሉ አስጠነቀቀች እኮ። ከዛሬ ጀምሮ ጩሂብኝ።»

ልጮህ ሞከርኩ። አልወጣልኝም። ሁለት ወር የታሰረ ድምፅ ባንድ ቀን አይፈታም። የሚወጣው እንደገና ሹክሹክታ ነበር።

ዋሽንቱን እንደገና ቀዳን። የእናቴ ድንጋዮች ላይ በቢላ ጫፍ ምልክት አደረግንባቸው፤ ቴፑ ሥራውን ሲጨርስ ይወጣሉ፣ በጨርቅ ይጠቀለላሉ። ቀዩ ቴፕም የራሱ ድንጋዮች ተለይተውለት ነበር። አንድ ቴፕ የቀዳውን ያው ቴፕ ራሱ ብቻ ያጫውተዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲህ እኔ በጨለማ ልኑራ» አለች፣ ግን አልመለሰቻቸውም። ክራሩ በሁለተኛው ቀን በዋሽንቱ ላይ ተቀመጠ። ልክ ነበር። ኦቦ ቱፋ ሲጨርሱ ልክ ነው ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።

ከበሮው ቀረ። እኔ ልምታው ብዬ ጀሪካን ገልብጬ መለማመድ ጀመርኩ። አዴ ሹሬ የሐሙሱን ሣር ሊለዩ ገብተው ነበር። ትንሽ ሰሙ፣ ቁልፎቻቸው ተንሿሹ፣ እንደገና ሰሙ።

«እንደሱ አይደለም» አሉ።

ወገቤን ይዘው አስነሱኝና ጀሪካኑ አጠገብ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና መቱ። ያ ሁልጊዜ የሚቸኩለው ሰውነታቸው ትከሻቸው ላይ ዝግ አለ፤ እጃቸው ብቻ የሚያወራ ሆነ። ኦቦ ቱፋ ከወዲያ ጥግ ሆነው ድምፁን ይስሙት አይስሙት አላውቅም፤ እጆቻቸውን ግን ያዩ ነበር።

«እሱን ተዪው ያልኩሽ እሷን ነው» አሉኝ።

«እርስዎ ነበሩ?» አልኩ አዴ ሹሬን።

«እኔ ነኝ እንጂ። ተጋባን፣ ላሞች መጡ፣ ልጆች መጡ፣ ከበሮው ቆጥ ላይ ወጣ።»

«ትቆጣለች ብዬ ነው ያልጠየቅኋት» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ጠይቀኸኝ ነው የምቆጣው?» አሉ አዴ ሹሬ። ቆጡ ላይ ያለውን ከበሮ ራሳቸው ወጥተው አወረዱት።

ከበሮ ግን ጉልበተኛ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሲመታ ከቀዩ ቴፕ የሚወጣውን ዋሽንትና ክራር ይውጠዋል። ቢያለዝቡትም ዋጠው። ስለዚህ አዴ ሹሬን እስር በእስር ወደ ኋላ ገፋናቸው። በመጨረሻ ልክ የሆነው እሳቸው ከበሩ ውጭ ጭቃው ላይ፣ ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው ሲመቱ ነው። «ኪነት ነው ብላችሁ ለላሞች ታጫውቱኛላችሁ» አሉ። ግን አራት ጊዜ ደጋገሙልን፤ አራተኛው ተቀዳ።

የሐሙሱ መኪና መጣ። ሾፌሩ የቀረውን ሁሉ ልጫን አለ። በርግጥም የቀረው ትንሽ ነበር። ጎንና ጎኑ ቆርቆሮው ወጥቷል፣ ድምፅ እንደገና መመለስ ጀምሮ ነበር። አዴ ሹሬ ከጥግ ካለው ክምር ፊት ቆሙ።

«ይሄ አይሸጥም። የራሴ ላሞች ናቸው የሚበሉት።»

«ባለፈው ይሸጣል ብለውኝ ነበር እኮ፣ እናቴ።»

«ላሞቼ ባለፈው አልራባቸውም ነበር።»

ማሲንቆው በማግስቱ ነበር። የቀሩትን እስሮች በኦቦ ቱፋ ዙሪያ እንደ ጎጆ አቆምናቸው። የቀኝ ጆሯቸው በዚያ ሳምንት ብሶበት ስለነበር፣ የሚጫወተውን ጥቁሩን ቴፕ ትከሻቸው እኩል ባለ እስር ላይ አስቀምጠን መንጋጋቸውን እላዩ ላይ አስደገፉ። በአጥንት ይሰማል አሉ። እኔ ቀዩን ቴፕ ይዤ ከሣሩ ጎጆ ወዲያ፣ አራት እርምጃ ርቄ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ጉልበታቸውን ልነካቸው ተስማምተን ነበር።

ደጋኑ የፈረስ ጭራው ላይ ሲሄድ ድምፁ ሣሩን ነዘረው። ዋሽንቱ፣ ክራሩ፣ ከበሮው ከጥቁሩ ቴፕ ይወጣሉ፣ ማሲንቆው በመካከላቸው እየገባ እየወጣ ያያይዛቸዋል። በርጩማው ቆመ። እኔ እስትንፋሴን ይዣለሁ። ከዚያ ዜማው አለቀ። ከበሮው ቆመ፣ ክራሩ ቆመ፣ ቴፑ ባዶ እየነፋ መሽከርከሩን ቀጠለ። ኦቦ ቱፋ አላቆሙም።

ዓይናቸው ተጨፍኗል። የቴፑ ንዝረት መንጋጋቸው ላይ ስላለ ሌሎቹ አሁንም አብረዋቸው ያሉ መስሏቸዋል። ብቻቸውን፣ ማንም ሳያጅባቸው፣ ፈገግ ብለው ይጫወታሉ። ልሄድ ብነሳ ሣሩ ይንኮሻኮሻል፣ ቀረጻው ይበላሻል። ብቆይም ይበላሻል። ትንሽ ተውኳቸው። ከዚያ በላይ ግን ብቻቸውን መሆናቸውን ሳያውቁ ብቻቸውን ሲጫወቱ ማየት አልቻልኩም። ሁለት ወር የታሰረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተፈታ።

«ኦቦ ቱፋ! አለቀ!»

ጩኸቴ ከመጋዘኑ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ተመለሰብኝ። ውጭ ላሟ ደነገጠች። ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን ገለጡና ደጋኑን አወረዱ።

«ሰማሁሽ» አሉ።

ማሲንቆውን እንደገና እንቅዳው፣ ጩኸቴ ገብቶበታል አልኩ። እምቢ አሉ። አዴ ሹሬን ጠሩ፣ እናቴም ከገበያ ስትመለስ ጨርቋን እንደተሸከመች መጣች። ኦቦ ቱፋ ቀዩን ቴፕ እስር ላይ አስቀምጠው መንጋጋቸውን አስደገፉበት፤ እኔም ከፈትኩላቸው። ሁላችንም የምናየው ፊታቸውን ነው። ማሲንቆው ፊት ለፊት ነበር፣ ከበሮው ከኋላው፣ ክራሩ ራቅ ብሎ። ዋሽንቱ ግን ከካሴት ወደ ካሴት በተደጋጋሚ ስለተገለበጠ ከጭጋግ ወዲያ ካለ ሜዳ የሚመጣ ይመስላል።

«በጣም የራቀው የቱ ነው?» አሉኝ።

«ዋሽንቱ።»

«ገመቹ ነዋ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «መጀመሪያ የሄደው እሱ ነው።»

አዴ ሹሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዜማው አለቀ። ብቸኛው ማሲንቆ ትንሽ ቀጠለ፤ ኦቦ ቱፋም ያን ሲሰሙ ብቻቸውን እንደነበሩ ገባቸው፣ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ያኔ የኔ ጩኸት ቴፑን ሊሰነጥቀው ደርሶ ወጣ። መንጋጋቸውን ነጠቅ አደረጉ፣ ከዚያ እየሳቁ መልሰው አስደገፉት።

«ይሄኛው ግን» አሉ፣ «ይሄኛው ቅርብ ነው። መልሺልኝ እስቲ።»

መለስኩላቸው። ዜማውን ከመጀመሪያው የምጀምርላቸው መስሎኝ ካሴቱን እስከ ጥጉ ላጠነጥነው ስል እጄን ያዙኝ።

«የለም፣ ጥቂት ብቻ» አሉ። «ከምትጠሪኝ ጀምሪው።»